አልጠፋሁም፣ ሄጄ ነው

ይድረስ አስቀድሜ ለወለድኩት፣ ዛሬ ደግሞ ለሚያዘኝ ልጄ ለሻለቃ።

እንዴት ነህ ልጄ? ጤናህስ እንዴት ነው? ብርድ በመጣ ቁጥር የሚነሳብህ ሳል ለቀቀህ? ባለቤትህ ሥራዋ ተስማማት? ያቺ በድምጿ ብቻ የማውቃት የልጅ ልጄስ ጥርስ አበቀለች? የምትተኙበት ቤት ይሞቃል? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ዓይኔም፣ ከዚህ ጽሕፈት እንደምታየው እጄም ደህና ናቸው። ደህና ነኝ የምልህ ደግሞ እንደ ሌላው ጊዜ ለወጉ አይደለም፤ ልብ ብለህ አንብበው።

ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። በስልክ ስንነጋገር አንተ ታዛለህ፣ እኔ እሺ እላለሁ፣ ከዚያ መስመሩ ይቋረጣል። ገና ትንሽ ልጅ ሳለህ ታናናሾችህን ግቢው ውስጥ አሰልፈህ ስትቆጣ ነው አባትህ ሻለቃ ያለህ፤ ስሙም ሥራውም ከዚያ ወዲህ አልለቀቀህም። በወረቀት ግን ሰው አያቋርጠኝም።

ባለፈው እሑድ ደውለህ ከእንግዲህ ብቻዬን መኖር እንደሌለብኝ፣ ቤቱ እንደሚከራይ፣ የስፌት መኪናዬ እንደሚሸጥ፣ እኔም እህትህ ጓሮ ወዳለችው ክፍል እንደምገባ ነገርከኝ። ለምን ብዬ ስጠይቅህ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ "በፓርኩ የሆነውን ነግረውኛል" አልክ። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባላል፤ አንተ ግን ፍርሃት ነው የጨመርክበት። እንግዲህ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና የሆነውን ከእኔ ከራሴ ስማ።

እረፍቱን ያሰበችው ነርሷ እህትህ ናት። ዘመድ የሚገናኘው ለቅሶ ላይ ብቻ ሆነ ብላ ሁላችንንም ሰበሰበችን። እሷና ባንክ የሚሠራው ባሏ፣ መምህሩ ወንድምህ ከነሚስቱና ከነልጆቹ፣ አክስትህና እኔ በሁለት ሚኒባስ ተጭነን ወደ ብሔራዊ ፓርኩ ሄድን። መንገዱ አቧራ ነው፤ ግራሩ ግን እስከ ሰማይ ዳርቻ ድረስ ተዘርግቷል። ከርከሮ ከነልጆቹ ጅራቱን እንደ አንቴና አቁሞ ከፊታችን ሲሮጥ የወንድምህ ልጆች በሳቅ ወደቁ። አክስትህ ቀንደ ረጅሙን ሳላ ባየች ቁጥር "ምን የመሰለ ፍየል" እያለች አስጎብኚውን አስመረረችው። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን አልደብቅህም።

በመጀመሪያው ቀን ወደ ፏፏቴው ሊወርዱ ሲነሱ እህትህ ዛፍ ጥላ ሥር ምንጣፍ አነጠፈችልኝ። መንገዱ ቁልቁለት ስለሆነ እዚሁ አረፍ ብዬ ዕቃውን እንድጠብቅላቸው ነገረችኝ። ያከበረችኝ ነው የመሰላት። ጠበቅኩላቸው። ልብሳቸው በስብሶ እየተሳሳቁ ተመለሱና ፏፏቴውን በስልክ አሳዩኝ። ጥፍሬን የምታህል ውሃ ናት። እንዴት ያምራል ብዬ ስልኩን መለስኩላቸው።

ልጄ፣ እስቲ ወደ ኋላ አስበው። በየሠርጉ የሚዜዎቹን ቦርሳ፣ ዋና ስትወርዱ ጫማችሁን ይዞ የሚቀመጠው ማን ነበር? አንተ ስትመረቅ ስምህ ሲጠራ አልሰማሁም። የዘመዱን ሁሉ ጃንጥላና ካፖርት ታቅፌ ከአዳራሹ በር ላይ ቆሜ ነበር። ሲያጨበጭቡ ሰምቼ፣ ለአንተ ይሆናል ብዬ በግምት እልል አልኩ። ለማን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

በማግስቱ ደግሞ ኮረብታ ወጥተው ሸለቆውን ከላይ ሊያዩ ተነሱ። ያው ምንጣፍ ተነጠፈ። ሻንጣው፣ የተጠበሰው ዶሮ፣ ሙዙ፣ የልጆቹ ልብስ ዙሪያዬን ተከመረ። እኔን እንዲጠብቅ ሹፌሩ ቀረ፤ እሱም ወንበሩን ወደ ኋላ ለጥጦ ወዲያው ማንኮራፋት ጀመረ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ማለት እንዲህ ነው። ከፊት ለፊቴ "ወደ ጉማሬ መመልከቻ" የሚል ሰሌዳ ቆሟል። ሰሌዳውን ሳየው፣ ዕቃውን ሳየው፣ መልሼ ሰሌዳውን ሳየው ቆየሁና ተነሣሁ። ሻሼን አጠበቅኩ፣ ጃንጥላዬንና የውሃ ጠርሙስ ይዤ በቀስቱ አቅጣጫ ሄድኩ። ማንም አልመራኝም፣ አእምሮዬም አልዞረም።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ በየዛፉ ሥር ትንፋሼን እየሰበሰብኩ ወረድኩ። ወንዙ ዳር የፓርኩ ጠባቂ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል፤ ጢሙ የሸበተ፣ የእኔ እኩያ የሚሆን ሰው ነው። ብቻዬን ሲያየኝ አልደነገጠም። የአግዳሚውን አቧራ በእጁ ጠራርጎ "እትዬ፣ ከአጥሩ እንዳያልፉ ብቻ" አለኝ።

ጉማሬ አይተህ ታውቃለህ? መጀመሪያ ድንጋይ ይመስልሃል። ከዚያ ድንጋዩ ጆሮውን ያርገበግባል። አንዲት እናት ውሃው ውስጥ ተጋድማለች፤ ግልገሏ ጀርባዋ ላይ ይወጣል፣ ይንሸራተታል፣ መልሶ ይወጣል። እሷ ዓይኗን ጨፍና ፀሐይዋን ትሞቃለች። ዕቃ ጠብቂልን ያላት የለም። አንጀቴ ራሰ።

አሁን የምጽፍልህን እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም። ከኮረብታው ተመልሰው ሲጠሩኝ ሰምቻለሁ። እህትህ እማዬ ስትል፣ ወንድምህ ስሜን ከነአባቴ ሲጮህ፣ አክስትህ እታለም ስትል፣ ድምፃቸውን አንድ በአንድ ለይቼ ሰማሁ። ጠባቂው ሳይቀር ሰው እየጠራኝ እንደሆነ ነገረኝ። ይጥሩ አልኩት። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ተቀመጥኩ። ሁሉም ባንድ ላይ ከጠሩኝ ስንት ዘመኔ ነው፤ ያውም አቀብይን ለማለት ሳይሆን እኔኑ ፈልገው። ደስ አለኝ ልጄ። ግልገሉ ውሃው ውስጥ እስኪሰወር ድረስ አልተነሣሁም።

ስመለስ ዝንጀሮዎቹ ቀድመውኛል። ዶሮውም ሙዙም የለም፤ አንዱ የባንከኛውን መነጽር ይዞ ዛፍ ላይ ወጥቷል። ሹፌሩ ዓይኑን እያሻሸ "እዚሁ ነበሩ እኮ" ይላል። እህትህ እያለቀሰች ትከሻዬን ያዘችና ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ፣ የት እንዳለን ትጠይቀኝ ጀመር። በልጅ ድምፅ ሳይሆን በነርስ ድምፅ ነው የምትጠይቀኝ። ተናደድኩ። ቀጥላ ባሏን እያሳየች "ይሄ ማነው?" ስትለኝ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ "እኔ እንጃ፤ ባውቀው ኖሮ መች ልጄን እድርለት ነበር" አልኳት። ቀልዴን ነው። አባትህ ቢኖር ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። እነሱ ግን እውነት መሰላቸው። ባንከኛው አንገቱን ደፋ፣ እህትህ ልቅሶዋን አስነካችው። አክስትህ ብቻ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ፣ በራሷ አሳጠረች" አለችኝ። እውነቷን ነው። አንተ ዘንድ ሲደርስ እማዬ ጠፋች፣ አማቿንም አላወቀችውም ተብሎ ደረሰ።

ለምን እንደፈራችሁ አላጣሁትም። አያትህ በመጨረሻ ዘመኗ እዚሁ፣ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ በነበረው አልጋ ላይ ሆና ጠዋት ጠዋት "የማን ልጅ ነሽ?" ትለኝ ነበር። ያንቺ እላታለሁ፤ በየጠዋቱ እንደ አዲስ ደስ ይላታል። እናንተ መርሳትን በወሬ ነው የምታውቁት፤ እኔ ግን ፊቱን ያጠብኩ ነኝ። እሷ ጠፍታ ስትገኝ ትንቀጠቀጥ ነበር፤ እጄን ከያዘች አትለቅም። እኔ ከወንዙ ስመለስ የሚንቀጠቀጡት እነሱ ነበሩ። ያ በሽታ አንድ ቀን ወደ እኔ ከመጣ ውሰዱኝ፤ ያኔ አልከራከርም። ሳይመጣ ግን እንደመጣ አታድርጉብኝ።

ማክሰኞ ዕለት ደላላ ሁለት ሰዎች ይዞ ቤቱን ሊያሳያቸው መጣ። አስገባኋቸው። አንዱ ግድግዳውን ሲያንኳኳ፣ ሌላው መኪናዬን እያየ "ይህቺ ትነሳለች አይደል?" ሲል ሰማሁት። የሱሪው እግር አንዱ ካንዱ ይረዝማል። ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ ለካሁትና ማን ነው እንዲህ ያበላሸብህ አልኩት። በማግስቱ ሱሪውን አምጥቶልኛል፤ ነገ መጥቶ ይወስዳል፤ ሌላም ጨርቅ አመጣለሁ ብሏል። ደላላው ግን ወጥቶ ቀረ።

እንግዲህ ቁርጡን ልንገርህ። ቤቱ አይከራይም። መኪናዋ አትሸጥም። የእህትህ የጓሮ ክፍል ከውጭ መቀርቀሪያ እንደተገጠመላት የነገረኝ የገጠመው አናጢ ራሱ ነው፤ ደንበኛዬ መሆኑን ረስታችሁ። እኔ ዶሮ አይደለሁም፣ ሲመሽ አይዘጋብኝም። ሐኪም ይያት ካላችሁ ይየኝ፤ በእግሬ እሄዳለሁ። አንተ ግን በስልክ አትመርምረኝ። በሚመጣው እረፍት ወደ ፓርኩ እመለሳለሁ፤ ዕቃ የሚጠብቅ ሰው ካስፈለገ ና፣ ምንጣፉን እኔ አነጥፍልሃለሁ።

ከሩቅ ሆኖ ለእናት መጨነቅ ከባድ መሆኑ ይገባኛል። እንደምትወደኝ አውቃለሁ፤ እኔም ከምነግርህ በላይ እወድሃለሁ። እሺ ግን አልልህም።

ባለቤትህን ሰላም ብላሻለች በላት፤ እናቷንም እጅ ነስቻለሁ። የልጅ ልጄን ጉንጯን ሳምልኝ፤ አያትሽ ጉማሬ አይታለች ብለህ ንገራት። አክስትህ ሰላም ብላሃለች፤ አሁንም ፍየል ነው ትላለች። መምህሩ ከነቤተሰቡ ደህና ነው። ባንከኛው መነጽር ገዝቷል፤ ከእኔ ፊት ሲቀመጥ ግን አሁንም ስሙን ይነግረኛል። እህትህ አኩርፋኛለች፤ ቢሆንም ትናንት ለጉልበቴ ቅባት ልካልኛለች፣ እሱን ከሰላምታ ቆጥሬዋለሁ።

እናትህ
ከገዛ ቤቴ
ዓርብ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን