እማዬ እንዳልነግርሽ ያስማለችኝ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለኡሙሀኒ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ። ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? በረኪና የላጠው እጅሽስ ዳነ? እኛ ደህና ነን ብዬ ብጀምር ደስ ባለኝ። ይህን ወረቀት ወደ ጅዳ ለሚመለሰው ለጎረቤታችን ልጅ ለአብዱልሙሀይሚን የሰጠሁት፣ በስልክ ስናወራ እማዬ ከጎኔ ስለማትጠፋ ነው። ለሻዕባን፣ ከረመዳን በፊት፣ ኮንትራትሽ አልቆ ትመጫለሽ ብላ ቀን እየቆጠረች ነው።

ዶላር ከተለቀቀ ወዲህ የፒያሳ ኑሮ የምታውቂው አይደለም። ብሩ ሲረክስ ወርቁ ሰማይ ነካ። ድሮ ጋሽ ደበሳይ ወርቅ ቤት ሰው የሚመጣው ቀለበት ሊያሠራ ነበር፤ ዛሬ የሚመጣው ሊሸጥ ነው። ባለፈው አንዲት የስድስት ኪሎ መምህርት የጋብቻ ቀለበቷ አልወልቅ ብሏት በሳሙና አወለቅንላት። የእኔም የአንጥረኛው ሥራ ማቅለጥ ብቻ ሆኗል።

የእማዬ የስኳር መርፌ ከውጭ የሚገባ ነውና አንዴ ይጠፋል፣ ሲገኝ የሳምንት ደሞዜን ይወስዳል። እንደምንም እየገዛሁ ሳይቋረጥባት ቆየሁ ብዬ ነበር። ለካ ግማሹን ብቻ ነው የምትወጋው። ብልቃጡን በፍሪጇ የምታስቀምጥልን ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ናት፣ “ካሊድ፣ ይሄ ነገር ለምን አያልቅም?” ብላ የነቃችው። ሳምንት ሳይሞላ እማዬ ወደቀች። ሆስፒታል ስናደርሳት የእግሯ ጣት ቆስሎ በካልሲ ሸፍናው ኖሯል። መርፌውን በሙሉ ካልወሰደች እግሯን እንደምታጣ ሐኪሙ ነገረኝ።

ከሆስፒታል በወጣች በአሥረኛው ቀን፣ ወርቅ ቤቱ ውስጥ ከመጋረጃው ጀርባ እሳት ላይ ሆኜ ድምጿን ሰማሁ። ምሳ የወጣሁ መስሏት ነው። አባታችን ለኒካዋ የሰጣትን ሀብል ይዛ ጋሽ ደበሳይን፣ “ካሊድ እንዳያውቅ። እህቱ ከሰማች ኮንትራቷን ታድሳለች” ትላቸዋለች። ልከለክላት ተነሳሁ፤ መድኃኒቱን በምን እንደምገዛላት ሳስብ ግን ተመልሼ ተቀመጥኩ። ከሄደች በኋላ ጋሽ ደበሳይ ሀብሉን አምጥተው መዳፌ ላይ አኖሩት። በገዛ እጄ አቀለጥኩት። ማታ እንደማውቅ ስነግራት፣ ላንቺ ትንፍሽ እንዳልል በቁርኣን አስማለችኝ።

ይኸው መሐላዬን አፈረስኩ። የሀብሉ ገንዘብ እስከ ሚያዝያ ቢያደርሰን ነው። ከዚያ ወዲያ የሚታየኝ ነገር የለም። ስድስት ዓመት የሰው ቤት ስታጥቢ ኖረሽ፣ ነይ ልልሽ ሲገባኝ አትምጪ እልሻለሁ። አንድ ዓመት ጨምሪልን። ምን ዓይነት ወንድም ነው ብትዪም አልቀየምሽም፤ እኔም ራሴን ሌላ አላልኩትም።

ባለቤቴ ኢልሀም ደብዳቤውን አንብባ፣ ሰላም በላት ብላ ፊቷን አዞረች። እትዬ ዘነቡ፣ ጊዮርጊስን በተሳለመች ቁጥር ስምሽን ታነሳለች። እማዬ ምን እንደጻፍኩ አታውቅም። በአብዱልሙሀይሚን እጅ ትንሽ በርበሬ ልካልሻለች፤ “ብዙ ያላኩት የቀረውን እዚሁ መጥታ ስለምትበላው ነው በላት” ብላለች።

ወንድምሽ ካሊድ
አራዳ፣ አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.