ብርድ ልብስ የለበሰው ስቱዲዮ

አዛኝና ሩኅሩኅ በሆነው በአላህ ስም እጀምራለሁ። ዛሬ ሻዕባን ሰባት፣ ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ጉልበቴ ቢከዳኝም ልቡናዬ ሳይከዳኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ሁለቱ ልጆቼ ባሉበት፣ በሙአዚኑና በጎረቤቴ በልብስ ሰፊዋ ፊት ይህን ኑዛዜ አጽፋለሁ። ጸሐፊው የትምህርት ቤታችን መምህር ነው። የሰማውን ሁሉ እንዲጽፍ አዝዣለሁ፤ ብቆጣም ጭምር።

አንደኛ፤ የሰው ገንዘብ የለብኝም። ያለብኝ ትምህርት ነው። ልብስ ሰፊዋን ማንበብ ሳስተምራት መንገድ ላይ ቀርተናል፤ ልጄ ትጨርስላት። እሷም መርፌዋን አስቀምጣ በሰዓቷ ትምጣ፤ ሰበብ አታብዛ።

ሁለተኛ፤ መኖሪያ ቤቴ ለሁለቱ ልጆቼ ሸሪዓው እንደደነገገው ይከፈል። መጻሕፍቴ፣ ከንብረቴ ሲሶ ሳያልፉ፣ ለወላጅ አልባ ሕፃናቱ ትምህርት ቤት ይሰጡ።

ሦስተኛ፤ ልጆቼ፣ እርዳታ ስታድሉ የሰው ሃይማኖት አትጠይቁ። ለዱቄት ብሎ የሰለመ ሰው፣ የሰለመው ሆዱ ነው። ዳዕዋችሁ፣ ወደ እምነቱ መጥሪያችሁ፣ ጠባያችሁ ይሁን፤ የቀረውን የሬዲዮ ትምህርቴ ይናገር።

አራተኛ፤ የሬዲዮ ትምህርት የምቀርጽበት ስቱዲዮ። ድሮ መጋዘን ነበር። ድምፅ እንዳያስተጋባ፣ ለችግረኞች የመጣውን ብርድ ልብስ ግድግዳው ላይ ሰቅለን እንቀርጽ ነበር። ብርድ ሲገባ ልብሱ ይታደላል፤ ያን ጊዜ አድማጮች «ሐጅያ፣ ጉድጓድ ገባሽ እንዴ?» እያሉ ይደውላሉ። እኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር፤ ልብሱ የሰው ትከሻ ላይ ውሏልና። ይህን ስቱዲዮ ለሴት ልጄ ሰጥቻለሁ።

እዚህ ላይ ሙአዚኑ አቋረጠኝ። «ሐጅያ፣ ለወራሽ ኑዛዜ የለም እኮ። ወንድሟ ካልፈቀደ አይጸናም።» እውነቱን ነው። በሬዲዮ ስንት ጊዜ ያስተማርኩት ነገር ዞሮ እኔኑ ያዘኝ።

ወንድሟ ካሜራ አንሺ ነው። ዱቄት የምትቀበል መበለት ሲቀርጽ እህቱ ሻርፗን ካሜራው ላይ ጣለችበት፤ ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። አሁን ልጄ «እሱ ካልወደደ እኔም አልፈልገውም» አለች። እሱ ደግሞ ወደ እኔ ዞሮ «እማዬ፣ አንቺ ሁሌ ለእሷ ታደያለሽ» አለኝ።

ልጄ ሆይ፣ በጎ ሥራ እንዲታይ ጓጉተህ እንደሆነ አውቃለሁ። ሰው ግን እጁን ሲዘረጋ አይቀረጽም፤ ሲማር ቅረጸው። ደግሞ ስማኝ። የመጀመሪያውን ትምህርት ስቀርጽ አንተ ጀርባዬ ላይ ነበርክ። ሳልህ ካሴቱ ላይ ገብቷል። አጥፊው ሲሉኝ እንቢ አልኩ፤ ስትናፍቀኝ እሱን እሰማለሁ። ካሴቱ ያንተ ነው። አንተም ወራሽ ነህና፣ እህትህ ትፍቀድልህ።

ወደ እህቱ ዞረ። ከዚያ ቀና ብሎ «ትፈቅጂልኛለሽ?» አላት። እንባዬን መምህሩ አይጻፈው።

ይህ ኑዛዜ ተነብቦልኝ፣ ቃሌ መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ።

ምስክር፣ ሙአዚን፦ ሰምቻለሁ፤ አይቻለሁ።

ምስክር፣ ልብስ ሰፊ፦ ይህን በራሴ እጅ ጽፌያለሁ።

ሴት ልጅ፦ ካሴቱን ለወንድሜ ፈቅጃለሁ።

ወንድ ልጅ፦ ስቱዲዮውን ለእህቴ ፈቅጃለሁ። እማዬ፣ አንቺ ግን አትቸኩይ።