ሰፊውን ብዬ

ጥር 6

ከፈትኩ። የብረቱ መዝጊያ ዛሬም እንደ በሬ አጓርቶ ነው የተነሣው። ጠራረግኩ፣ የሸሚዝ ቁልፍና የዚፕ መሳቢያዎቼን አቧራ አራገፍኩ። መንገዱ ጭር... ከጎኔ ያለው ፎቶ ቤት ከተዘጋ ስንት ጊዜው፤ መስኮቱ ላይ ያለችው ሙሽራ ግን ፀሐይ ፊቷን በልቶት፣ ዓይን የላት አፍንጫ፣ አሁንም ትስቃለች። በዚህ የሚያልፈው ሰው ሁሉ አውቶቡስ ለመድረስ አቋራጭ ፈልጎ ነው። ወደ ሱቅ ዞር ብሎ የሚያይ የለም።

የቀሚሴን ጠርዝ በመቀስ ተርትሬ ፊት ለፊት ላለው ልብስ ሰፊ ወሰድኩለት። ምን ላድርግ፣ ማሽኑ ሥራ ፈቶ ሳየው አንጀቴን ይበላኛል።

«ደግሞ ተተረተረ?»

«አርጅቶ ነው መሰለኝ።»

«ልብሱ ነው አንቺ?»

ዝም ይል ዝም ይልና እንዲህ ጣል ያደርጋታል። ስስቅ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ መጥቶ ነጭ የሸሚዝ ቁልፍ ገዛኝ። እሰይ፣ ሥራ አግኝቷል ማለት ነው።

ጥር 9

እህቴ ደወለች። አዲሱ ሕንፃ ላይ፣ ከሷ ሱቅ ጎን ቦታ ተለቋል። እስከ ወሩ መጨረሻ ያቆዩልኛል አለች።

«እዚያ ምን ቀረሽ?»

«ሰፊውስ?»

«ሰፊው ባልሽ ነው?»

«ኧረ ባለትዳር ነው። እኔ ከሄድኩ ግን ማን ያሠራዋል? መዝጋቱ ነው።»

«አይ አንቺ... ለሰው ስትይ ልታረጂ ነው።»

እውነቷን ይሆን? ደክሞኛል። እግሬ ብቻ አይደለም የደከመው።

ጥር 12

ሄጄ አየሁት። መስታወት፣ መብራት፣ የማያፈስ ጣሪያ። አማረኝ፣ አልዋሽም። ግን ከአንዲት ሴት ጋር ገና ጨዋታ ስጀምር ጥበቃው መጣ፤ «እናቴ፣ መተላለፊያ ላይ መቆም ክልክል ነው።» ታዲያ የት ነው የሚወራው?

ጥር 15

ያለ ወቅቱ ሲዘንብ ዋለ። ሱቁ ውስጥ ባልዲ ከዚህ ወደዚያ ሳንቀሳቅስ መሸ። ከሰፊው በቀር የመጣ የለም። ነጭ ቁልፍ።

ጥር 17

የሰፊው ሚስት መጣች። ቦርሳዋን አቅፋ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ አትቀየሚኝ። ለምን ይሄን ሱቅ አትዘጊውም?»

ክው አልኩ።

«ባሌ ዓይኑ ደክሟል። ልጃችን ኑ፣ እኔ ጋ ኑሩ ማለት ከጀመረች ከራረመች። እሱ አሻፈረኝ አለ። ‹እኔ ከሄድኩ ማን ይገዛታል? ትዘጋለች› ነው የሚለው። ቤቱን ነጭ ቁልፍ ሞላው እኮ።»

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ የቁልፍ መሳቢያዬን ሳብ አድርጌ አየሁት። እኔ ለሱ ስል ልብሴን ስተረትር፣ እሱ ለኔ ሲል የማይፈልገውን ሲገዛ... ይሄን ያህል ዘመን ማን ነው ማንን የያዘው?

ጥር 18

ሄጄ ነገርኩት። «ጠርዙን የምተረትረው ራሴ ነኝ፣ በመቀስ።»

ከማሽኑ ቀና እንኳ አላለም። «መቀስ የበጠሰውን ክር የማላውቅ መሰለሽ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ካልሰፋሁልሽ ይከፋሻል ብዬ ነዋ።»

«በል ልጅህ ጋ ሂድ። በኔ አታሳብ።»

«አንቺስ?»

«እኔማ እህቴ አለችልኝ።»

ትከሻው ዝቅ ሲል አየሁት። ሸክም እንዳወረደ ሰው።

ጥር 24

ማሽኑን ጭነው ሄዱ። ሚስቱ አቅፋ ሳመችኝ። እሱ እጄን ጨበጠና መኪናው ውስጥ ገባ። ለሁለታችንም እኔው ሳወራ ቆየሁ።

ጥር 29

«አሁንስ ማን ቀረሽ?» አለችኝ እህቴ።

«ማንም።»

«በይ ነገ መኪና ልላክልሽ።»

እሺ ልል አፌን ከፈትኩ... አልወጣ አለ።

«ቦታውን ለሌላ ይስጡት» አልኳት።

«ደግሞ አሁን ማንን ብለሽ ነው?»

ተቆጥታ ስልኩን ዘጋችው።

የካቲት 2

ከፈትኩ። ማዶ ዝግ ነው። ማዕዘኑ ላይ የሚቀመጠው ጫማ ጠጋኝ ሲያልፍ ቆመ።

«እንዴ፣ አልሄድሽም? ሰፊው እኮ የለም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ይዞሽ?»

«ደስ ስለሚለኝ» አልኩት። ራሴው ደነገጥኩ። ይሄን ሁሉ ዘመን ሰፊውን ብዬ፣ ሰፊውን ብዬ... ለካ እኔው ነኝ።

አላመነኝም መሰለኝ፣ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። ገበያ የለም። እግሬም እንደደከመው ነው። ሲብስብኝ እዘጋዋለሁ፤ ያኔም የማንንም ስም አልጠራም።