ልጆቹን ልወስድ ሄጄ

ልጄ ፀደይ፣ ተክለሃይማኖት ባለሽበት አገር ጥላ ከለላ ይሁንሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ሳልነግርሽ ያደረግሁት ነገር አለ። ወንድ ልጅ ብቻውን ሁለት ሕፃናት እንዴት ያሳድጋል የሚል ሐሳብ እንቅልፍ ቢነሳኝ፣ ልጆችሽን ወደ እኔ ወደ እንፍራንዝ ላመጣ ማክሰኞ አዘዞ ሄድሁ። ባልሽ ሙሉሰው ሁለቱንም ሳፋ ውስጥ ሲያጥብ፣ ሦስቱም አረፋ በአረፋ ሆነው ሲስቁ አገኘኋቸው። የመጣሁበትን ብነግረው ሳቁ ከፊቱ ጠፋ።

«እማማ፣ ጠዋት ጠዋት ደረቴ ላይ ወጥተው ነው የሚቀሰቅሱኝ። ከወሰዷቸው ምን ብዬ እነሣለሁ?» አለኝ።

ብቻዬን ተመለስሁ። አሁንም የትንሹ ልጅሽ ሳል ያሳስበኛል፤ መንገዱ ቢዘጋ እንዴት እደርስላቸዋለሁ እያልሁም እሰጋለሁ።

እመቤቴ በሰላም ታገናኘን። አደራ፣ ስትደውይ ስለ ልጆቹ ብቻ አትጠይቂ፤ «አንተስ እንደምን ዋልህ?» በይው።

እናትሽ አምሳለ