ወለል ስለሚመታው ወንድሜ

ለተከበሩ የሕፃናት እድገት ምዘና ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ እንዲበዛ፣ ዓይንና ጆሮዎም እንዳይደክሙብዎት እመኛለሁ፤ በእነሱ ነውና ሰው የሚፈረድበት። እኔ ባለፈው ሳምንት መስማት ከተሳናት እናቴና ገና ዓመት ካልሞላው ወንድሜ ጋር ቢሮዎ መጥቼ፣ የእናቴን የእጅ ምልክት ላስተረጉም ተቀምጬ፣ ከእፍረት የተነሣ ምላሴ የተሳሰረብኝ ልጅ ነኝ። ያኔ ያልወጣኝን ዛሬ በጽሑፍ ሳቀርብ ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

፩. ወንድሜን ከእናቱ ጭን አንሥተው ምንጣፍ ላይ ሲያስቀምጡት ስላላለቀሰ «እናቱን አይፈልግም» በማለትዎ አመሰግናለሁ። ያላለቀሰ ልጅ ጡት አያገኝም ይባላል፤ እኛ ቤት ግን ያለቀሰም አያገኝም። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ጀርባዋን ሰጥታው ስትሰፋ የሚጠራት የሣንቃውን ወለል በመዳፉ እየመታ ነው፤ ንዝረቱ በባዶ እግሯ ይሰማትና የስፌት መኪናዋን ታቆማለች። ሲርበው ቀስ ብሎ፣ ሲናደድ እንደ ከበሮ። «አለቃ» ያልነውም ለዚሁ ነው።

፪. እርስዎ ዘንድም ጠርቷታል። ወለልዎ ግን ሲሚንቶ ነው፤ እናቴም የሰው ቤት ብላ ጫማዋን አላወለቀችም። እሱ መዳፉ እስኪቀላ ሲመታ፣ እሷ የሚሉትን ከከንፈርዎ ለማንበብ ዓይኗን እርስዎ ላይ ተክላ ነበር። እርስዎም በትጋት «ዓላማ የሌለው የእጅ እንቅስቃሴ» አሉ፤ ቀጥለውም «እናቲቱ ለልጁ ጥሪ ምላሽ አትሰጥም»። ዓላማ ከሌለው ጥሪው ከየት መጣ ብዬ ልጠይቅ ነበር፤ ትምህርቴ አነስተኛ ስለሆነ ተውኩት።

፫. ሰኞ ጠዋት ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ ሊወስዱት መወሰንዎም ትልቅ ውለታ ነው። እዚያ ያሉት ሞግዚቶች ጆሯቸው ደህና ስለሆነ ለቅሶ ይጠብቃሉ። እሱ ወለሉን ሲመታ ይውላል። ከዚያ ይሰለቸዋል። እኔ የምፈራው የሚሰለችበትን ቀን ነው።

እናቴ ይህን ካወቀች ወዲህ መኪናዋን አልነካችም። እሱ ተኝቶ እንኳ ባዶ እግሯን ወለሉ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። እባክዎ ከሰኞ በፊት አንዴ ቤታችን ይምጡ። ጫማዎን ያውልቁና ይቁሙ። ሌላ አልለምንም።

ከሰፊው ጊዜዎ ላይ ለአንድ ሕፃን ግማሽ ሰዓት ስለቆረሱለት እጅ እየነሣሁ፣
የአለቃ እህት

ሳልረሳው፦ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ያወጣሁት ቢሮዎ በር ላይ ቆሜ ደጋግሜ ብጠራዎት ስላልዞሩ ነው። ተጠርቶ የማይመልስ ሰው በእርስዎ ምዘና ምን እንደሚባል አውቄያለሁ፤ ደግነቱ እርስዎን ከቤትዎ የሚወስድ የለም።