በምርጫው ሰልፍ የኦፖንዶ ድንጋይ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለኦዴራ፤

እንደምን ከረምክልኝ ወንድም ዓለም? ያ ወገብህ ተሻለህ ወይስ እነዚያ የዶሃ ሰዎች አሁንም ፀሐይ ላይ እየገተሩ ዘብ ያስጠብቁሃል? ሳሉስ ለቀቀህ? በደንብ ትበላለህ ወይስ እንደ ልማድህ ሻይ በዳቦ ነው? እኛ ደህና ነን ብዬ አልዋሽህም። ቆመን እንሄዳለን፣ የቀመስነው ይወርድልናል፤ ለዚህም ፈጣሪ ይመስገን።

በስልክ ስነግርህ መስመሩ እየተቆራረጠ ግማሹን አልሰማህም። አባባም አጠገቤ ስለነበሩ ግማሹን እኔው ዋጥ አድርጌዋለሁ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጻፍልህ።

ታናሻችን ኦፖንዶ ከምርጫው በፊት ባለው ሐሙስ ወደ ሬምባ ደሴት ተሻገረ። እዚያ ዓሣ የሚያጠምዱትን የመንደራችንን ልጆች ለድምፅ መስጫው ቀን ሊያመጣ ነበር። እማዬ "ነፋሱ ደስ አላለኝም፤ እነሱ የራሳቸው ጀልባ የላቸውም እንዴ?" ብትለው፣ "ካልቀሰቀስኳቸው ተኝተው ነው የሚውሉት፤ አንድ ድምፅ እንኳ ውሃ እንዲበላብን አልፈልግም" ብሏት ያቺን ቢጫ የዝናብ ካፖርቱን ደርቦ ሄደ። ቅዳሜ ጀልባው ባዶውን ተገኘ። ያልፈለገው ሰው የለም። ሐይቁ ግን አልመለሰውም።

እሑድ ሽማግሌዎች መጥተው፣ እንደ ደንባችን ያጎ ከሚባለው ዛፍ ፍሬ ቆርጠን በሬሳው ፈንታ እንቅበርለት፣ መንፈሱ ውሃ ላይ አይንከራተት አሉ። አባባ አሻፈረኝ አሉ። "ልጄን በዛፍ ፍሬ አልለውጥም! ደግሞስ የበኩር ልጄ ኦዴራ ሳይኖር ማን አፈር ያለብሰዋል?" ብለው በሩን ዘጉባቸው። ሚስቱ አቾላ ሐዘን መቀመጥም መተውም አቅቷት መሃል ላይ ቀረች። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ፤ ሚስት ትሁን መበለት ማን ይንገራት? ልጆቿ የሞተር ድምፅ በሰሙ ቁጥር አባታችን መጣ እያሉ ወደ ሐይቁ ይሮጣሉ።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ትምህርት ቤቱ ስንደርስ ሰልፉ እስከ ዓሣ ማድረቂያው ወርዷል። መቼም እዚህ ሰልፍ የሰለቸው ሰው በቦታው ድንጋይ አኑሮ አረፍ ይላል፤ ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ከኋላ ያለው በእግሩ ገፋ ያደርግለታል። ሐይቁን ጭጋግ ሸፍኖት ነበር። ከዚያ ውስጥ የሬምባ ልጆች በጀልባቸው ብቅ አሉ። ትልቃቸው ኦክዊሪ ሱሪውን እየጨመቀ "ኦፖንዶ የታለ? ቀድሞን ደርሷል እኮ" አለ። ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ አባባ መለሰ። "ምን ሆናችኋል? ጭጋጉ መንገድ ሲያጠፋብን ከፊታችን ይቀዝፍ የነበረው እሱ ነው፤ ያን ቢጫ ካፖርቱን እያየን ተከተልነው። ብናፏጭለት፣ ብናፏጭለት አልዞር አለ፤ ኩራተኛ!" ብሎ ሳቀ። ብቻውን ነው የሳቀው። አንዲት ሴት መርዶውን በጆሮው ስትነግረው መሬት ላይ ዘጭ አለ።

የአባባ ፊት ግን በራ። "አላልኳችሁም?" አሉና ከራሳቸው ድንጋይ ኋላ ሌላ ድንጋይ አስቀመጡ፤ "ይህ የልጄ ነው።" አንዱ ጎረምሳ "አባት፣ ድንጋዩ መታወቂያ አለው?" ቢላቸው፣ "ካንተስ ይሻላል፤ አንተ ከመጣህ ስንቴ ለሽንት ወጣህ? እሱ ንቅንቅ አላለም" አሉት። ሰው ሳቀ። ድንጋዩን በእግሩ ሊነካ የደፈረ ግን የለም። እኔ ከኋላው ነበርኩ፤ አልገፋሁትም። አባባም ዞር ብለው አላዩትም። ሰልፉ በተራመደ ቁጥር ግን ድንጋዩ ከፊቴ ነው። ያ ሁሉ ፀሐይ እያቃጠለን ሥሩ ያለው አፈር ርጥብ ነበር።

አባባ ድምፃቸውን ሰጥተው ሲወጡ ድንጋዩ አጠገብ ቆሙ፤ ኋላችን ያለውን ሁሉ "እለፉ፣ ልጄ እስኪደርስ እናንተ እለፉ" እያሉ አሳለፉ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የምርጫ ጣቢያው ኃላፊ ወጣች። ከሩቅ አገር ከኪቱዪ የመጣች የዋህ ልጅ ናት፣ የእኛን ነገር አታውቅም። "ከመዘጋቱ በፊት የተሰለፈ ሁሉ ይስተናገዳል፤ የቀረ አለ?" አለች። አባባ ድንጋዩን አሳዩዋት። ልታሳፍራቸው አልፈለገችም፤ ስሙን ጠየቀቻቸውና ፊቷን ወደ ሐይቁ አድርጋ፣ ባላት ድምፅ ሁሉ "ኦፖንዶ ኦግዌኖ!" ብላ ተጣራች። ደገመች። አፏን ልይዝ ስሮጥ ሦስተኛውን ጨረሰች። ወይ ጉዴ! ሐይቅ የወሰደውን ሰው ወደ ውሃው ሦስት ጊዜ የምንጠራው ፍሬውን ልንቀብር ስንል ብቻ እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። የተጠራ ይመጣል፤ መጥቶ ማረፊያ ካጣ ቤቱን እንቅልፍ ይነሳል።

ነፋሱ ቀጥ አለ። ልጅቷ "ምን አጠፋሁ?" እያለች ፊት ፊታችንን ታያለች። አባባ ጎንበስ ብለው ድንጋዩን አነሱት። "ምንም አላጠፋሽ ልጄ፤ እኔ ያቃተኝን ነው ያደረግሽው" አሏት። ከዚያ አለቀሱ። አባባ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበር።

ዓርብ ቀበርነው። አንተን ባለመጠበቃችን አትቀየመን፤ የተጠራ አይቆይም። እማዬ ፍሬውን በሸሚዙ ጠቀለለችው፣ አቾላ እስከ ጉድጓዱ ታቅፋው ሄደች። ተራው የኦክዊሪ ሲሆን አካፋውን ጣለው። "ያሻገረኝን ሰው አፈር አላለብስም! በዓይኔ ነው ያየሁት!" አለ። ሁላችንም ወደ አባባ ዞርን። እኔ ሐሳባቸውን ለውጠው ፍሬው ይውጣ ይላሉ ብዬ ፈራሁ። አባባ አካፋውን አንስተው እጁ ላይ አደረጉለትና "አንተን አንድ ማለዳ አሻገረህ። እኔ ወልጄዋለሁ። አልብሰው ልጄ" አሉት። አለበሰው።

የምርጫው ውጤት ገና አልተነገረም፤ ሬዲዮው ይለፈልፋል፣ የሚሰማው የለም። እማዬ ጉንጭህን ትስማለች፣ ወገብህን በዘይት እሸው ብላለች። አባባ አፈሩን በአንተም ስም ጥለናል ይሉሃል። አብረውህ የሚኖሩትን ልጆች ሁሉ ሰላም በልልኝ። አቾላ ሐዘን ተቀምጣለች፤ ሰላምታዋ ይድረስህ። ልጆቿም ሰላም ይሉሃል፤ የሞተር ድምፅ ሲሰሙ አሁን አይሮጡም።

እህትህ አዉኦር
ምቢታ፣ ከሐይቁ ዳር
እሑድ፣ ኦገስት 14 ቀን