ከቀዩ ቆብ በኋላ

ሚኒሶታ፣ ጃንዋሪ 9 ቀን 1996
ከዶርሙ ልብስ ማጠቢያ ክፍል

ውድ አባዬ፣

ሦስቱም ፖስትካርዶችህ ደርሰውኛል። ሁለቱ ላይ ያለው ያው አንድ ድብ ነው፤ አላስካ ውስጥ ፎቶ መነሳት የሚወድ ድብ አንድ ብቻ ነው እንዴ? ሦስቱም ላይ የጻፍከው ደግሞ ያንኑ አንድ ጥያቄ ነው፤ «ዋናው እንዴት ነው?» እስከዛሬ መልስ ያልሰጠሁህ አድራሻህ ጠፍቶኝ አይደለም። ተናድጄብህ ነው። አሁንም ንዴቱ አልወጣልኝም፤ ግን አንድ የምነግርህ ነገር አለኝ፣ እሱን ደግሞ ካንተ በቀር የሚረዳኝ ሰው የለም።

የምጽፍልህ ማድረቂያው ማሽን ላይ ተቀምጬ ነው። ለገና እረፍት ተማሪው ሁሉ ቤቱ ሲሄድ የዶርሙን ማሞቂያ ቀነሱት። የቀረነው እኛ የዋና ቡድኑ ልጆች ብቻ ነን፤ ለክረምቱ ልምምድ። ሰው የሚያሞቅ ክፍል ይሄ ብቻ ነው። ጠዋት በአስራ ሁለት ሰዓት ውሃ ውስጥ እንገባለን፣ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ደግሞ እንደገና። በመሀል እንበላለን፣ እንተኛለን። ሌሎቹ ይተኛሉ ማለቴ ነው። እኔ ጋደም ስል እግሬ አንሶላውን መምታት ይጀምራል፤ ተነስቼ ኮሪደሩን እዞራለሁ፣ የኖቬምበር ወር ማስታወቂያዎችን ሳይቀር አንብቤ ጨርሻለሁ፣ ከዚያ ምንም ያልቆሸሸ ልብስ ይዤ እዚህ እወርዳለሁ። ይሄ ሸሚዝ በሳምንት አራቴ ታጥቧል። ከገንዳው እስከ ዶርሙ ስንራመድ ፀጉራችን በረዶ ሆኖ ቀጥ ይላል። ቆዳዬ ክሎሪን ክሎሪን ይሸታል፤ ቀኑን ሙሉ ሳክ ነው የምውለው።

ኮች ቬርና ዘንድሮ በእኔ ላይ የተነሳችው በአተነፋፈሴ ነው። «በግራሽም ተንፍሺ እንጂ፤ አንገትሽ እኮ እንደ በር በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚከፈተው» ትለኛለች። በቀኜ ብቻ የምተነፍስበትን ምክንያት አልነገርኳትም። አንተ ታውቀዋለህ። ስሄድ በቀኜ በኩል አንተ አለህ፤ ስመለስ በቀኜ ያለው ግድግዳና ሰዓት ነው። አስራ አንድ ዓመቴ ላይ ቁጥሩ ጠፍቶብኝ ገንዳው መሀል ቆሜ ያለቀስኩ ጊዜ፣ «ከእንግዲህ የመጨረሻው ምልልስ ላይ ስትደርሺ ቀዩን ቆቤን አነሳልሻለሁ» አልከኝ። ከዚያ ወዲህ ስንት ምልልስ እንደሄድኩ የሚያሳየኝን የቁጥር ሰሌዳ ማንም ይያዘው፣ እኔ የማምነው ያንን የሱፍ ቆብ ነበር። ኦገስት ላይ ከሥራ ስገባ ከበሩ ጀርባ መስቀያው ላይ አጣሁት። ጫማህን ሳይሆን መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። እማዬ ምንም ሳትነግረኝ መሄድህ ገባኝ።

እንግዲህ ልነግርህ የፈለግኩት ይሄ ነው።

ማርጎ ፔልቲየርን ታስታውሳታለህ፣ አምና ቤታችን መጥታ የድንች ጥብሱን ብቻዋን የጨረሰችውን። አራተኛ ዓመቷ ነው፤ በሜይ ትመረቃለች፤ ለእሷ ከዘንድሮ በኋላ ዋና የለም። ኮች በፌብሩዋሪ ለኮሌጆቹ ኮንፈረንስ ሻምፒዮና የምትወስደው አስራ ስምንት ሰው ብቻ ነው። የእኔ ስም ገና በኖቬምበር ገብቷል። የማርጎ እንዲገባ ረጅሙን ርቀት፣ ሠላሳ ሦስቱን ምልልስ፣ ከአስራ ሰባት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ በታች መጨረስ አለባት። ዲሴምበር 9 ሞከረች። ቆጣሪዋ እኔ ነበርኩ። ሁሌም ለእኔ እሷ ናት፣ ለእሷ እኔ ነኝ።

ከገንዳው ጫፍ ተንበርክኬ ሰሌዳውን ውሃ ውስጥ እያስገባሁ እቆጥርላታለሁ። እንደዚያ ቀን ስትዋኝ አይቻት አላውቅም። ሠላሳ አንድን አሳየኋት። ሠላሳ ሁለትን ልገልጥ ቀና ስል፣ ከተመልካቹ መሀል አንድ ሰው ቀይ ቆቡን አውልቆ ከራሱ በላይ አነሳ።

አባዬ መጣ፣ አልኩ። እጄ ደግሞ እኔን ሳይጠይቅ ቁጥሩን ዘሎ የመጨረሻው መሆኑን የሚነግረውን ቀይ ሰሌዳ ገለጠ። ምን ያድርግ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቀይ ቆብ ከተነሳ የመጨረሻው ነው። ሰውየው ለካ ሞቆት ነው፤ ግንባሩን ጠረገና መልሶ አጠለቀው። ካንተ በጣም የሚያጥር፣ ጢም ያለው ሰው ነው።

ማርጎ ቀዩን አየች። የቀራትን ጉልበት ሁሉ አውጥታ ተመለሰች፣ ግድግዳውን ነካች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ወደ ሰዓቱ ዞረች። ሰዓቱ አልቆመም። በሁለቱም በኩል ያሉት አሁንም ይዋኛሉ። እኔ ከዚህኛው ጫፍ «አንድ ይቀርሻል፣ ሂጂ» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ። ሄደች። ሙሉውን ምልልስ በባዶ ጉልበት ዋኝታ በአስራ ሰባት ደቂቃ ከአርባ ስድስት ጨረሰች። ስድስት ሰከንድ፣ አባዬ። ቆማ የጠፋባት ብቻ ከዚያ ይበልጣል።

ለኮች «ቁጥሩ ጠፋብኝ» አልኳት። ቆቡን ለማንም አልተናገርኩም። ምን ብዬ እናገራለሁ?

ከዚያ በኋላ ማርጎ ዝም አለችኝ። አልተሳደበችም፣ አብረን የምንኖርበትን ክፍል አልቀየረችም፣ ጨው አቀብዪኝ ስላት ታቀብለኛለች። ዝም ብቻ። ልምምድ ላይ በአንድ መስመር ነው የምንዋኘው፤ እሷ ትቀድማለች፣ እኔ በአምስት ሰከንድ እከተላለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያየሁት የእግሯን መዳፍ ነው። ማለፍ የፈለገ የፊተኛውን እግር መታ ያደርጋል፤ እኔ ፍጥነቱ ኖሮኝም አልነካኋትም። ሌሎቹ ደግሞ ቀልዱን ያዙት። አጭር ርቀት የሚዋኘው ቶቢ ቁርስ ላይ ፓንኬክ ሲያወጣ «አንድ፣ ሁለት፣ አራት» ይልና «ይቅርታ፣ ካንቺ ነው የተማርኩት» ይላል። እስቃለሁ፤ ምን አደርጋለሁ። ከዚያ መብላት ያቅተኛል።

የአዲስ ዓመት ዕለት እንደ ልማዳችን መቶ ጊዜ መቶ ያርድ ዋኘን። ኮች ቬርና ነጩን ሰሌዳ ይዛ ቆመችና፣ «ድምሩን ማን ይይዛል?» አለች። ማርጎ መነጽሯን እያጠበች፣ ወደ እኔም ሳታይ፣ «እሷ ትያዝ» አለች።

ቅጣት መስሎኝ ነበር። አስር ነጠላ ጫማ ሰብስቤ ገንዳው ጠርዝ ላይ ደረደርኩ፤ አስር አስር ስንጨርስ አንዱን እገለብጣለሁ። ስልሳ ድረስ ደህና ሄደ። ከዚያ ቶቢ ግድግዳው ላይ ባረፍን ቁጥር የውሸት ቁጥር ይጠራ ጀመር።

«ሰባ አምስት፣ እንኳን ደስ ያላችሁ» አለ።

«ሰባ ሦስት ነው» አልኩ።

«ሴትዮዋ ጀመራት። ኮች፣ ሰባ አምስት ነን፤ ሰው እየተገደለ ነው እዚህ።»

ኮች አፏን ከመክፈቷ በፊት ማርጎ ዞረች። «ሰባ ሦስት ነው ካለች ሰባ ሦስት ነው። አፍህን ዝጋና ዋኝ» አለችው። ተገፍታ ሄደች። አምስት ሰከንድ ጠብቄ ተከተልኳት፤ መነጽሬ ውስጥ ውሃ ገብቶ ነው ብዬ ነበር፣ ግን ውሃ አይደለም።

ልብስ ስንቀይር ቁምሳጥኗን እየቆለፈች፣ «ያን ቀን ምን አይተሽ ነው?» አለችኝ። «ቁጥር የሚጠፋብሽ ሰው እንዳልሆንሽ አውቃለሁ።»

«አባቴን።»

«መጥቶ ነበር?»

«አልመጣም።»

ከዚያ የቡድናችንን ረጅም ካፖርት ከመንጠቆው አውርዳ ላዬ ላይ ጣለችው። «የሃያው ቀን ውድድር የመጨረሻ ዕድሌ ነው፤ ዝርዝሩ እሱ ቀን ይዘጋል። ይሄን ለብሰሽ ትቆጥሪልኛለሽ። ኮፍያውን እስከ ዓይንሽ ድረስ ጎትቺው። እንደ ጋሪ ፈረስ ወደ ጎን ማየት የለም።»

እንግዲህ ዋናው እንዴት ነው ላልከኝ፣ እንደዚህ ነው። አስራ አንድ ቀን ይቀራል። በግራዬ ስተነፍስ ውሃ እጠጣለሁ፤ ኮች «ጠጪው፣ ይለመዳል» ትላለች። ማሽኑ ቆሟል፤ ሸሚዜ ደርቋል፤ ደግሞ ልምምድ ደርሷል። ይሄን ደብዳቤ ልላክልህ ወይስ ልቅደደው አላውቅም።

ጃንዋሪ 21

አልቀደድኩትም።

ትናንት ነበር ውድድሩ፣ እዚሁ በኛው ገንዳ። እማዬ የሁለት ሰዓት መንገድ በበረዶ ነድታ መጣች። ያንተ ቦታ ላይ ተቀመጠች፣ ሁለተኛው ረድፍ፣ ምሰሶው አጠገብ። ሌላ ባዶ ቦታ ሞልቶ ነበር እኮ። ለምን እዚያ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ማርጎ በመጀመሪያው ምድብ ነበረች። እኔ ካፖርቱን ለብሼ፣ ኮፍያውን ጎትቼ፣ በዚያ የገንዳ ሙቀት ላብ በአገጬ እየተንጠባጠበ ተንበረከኩ። የማየው የእሷን መስመርና የራሴን እጅ ብቻ ነው። እያንዳንዱን ቁጥር ድምፄን አውጥቼ ጠራሁት፤ አጠገቤ የነበረችው የሌላ ኮሌጅ ቆጣሪ እንደ እብድ ስታየኝ ነበር። ሠላሳ ላይ ተመልካቹ መጮህ ጀመረ። ቀና በዪ ቀና በዪ የሚል ነገር አንገቴን ያዘኝ። ዛሬስ መጥቶ ቢሆን? እውነቱን ልንገርህ፤ ይህን ሁሉ አድርጌም ሠላሳ ሁለት ላይ አንተን አሰብኩ። ግን ቀና አላልኩም። ሠላሳ ሁለትን አሳየኋት። ሄዳ ተመልሳ መጣች። ቀዩን ያኔ ነው ያስገባሁት።

አስራ ሰባት ደቂቃ ከሠላሳ ስምንት። ገብታለች። ከውሃው ሳትወጣ ጣቷን ወደ እኔ ቀስራ ለቶቢ፣ «ቁጠር እስቲ አሁን» ስትለው ሰማሁ።

የእኔ ምድብ ቀጥሎ ነበር። ማርጎ ገና ውሃዋን እያንጠባጠበች ልትቆጥርልኝ ተንበረከከች። እንደ ልማዴ ነው የዋኘሁት፤ ቀይ ሰሌዳው ሲመጣ ቆብ ሳልፈልግ አመንኩት። ግድግዳው ላይ ተገልብጬ የመጨረሻውን መመለሻ ስጀምር ግን በግራዬ ተነፈስኩ። ኮች ስላለችኝ አይደለም፤ ሳላስበው ነው። እና አባዬ፣ ተመልካቹን አየሁት። ዘጠኝ ዓመት ስዋኝ፣ ስመለስ እነሱን አይቼ አላውቅም ነበር። ሰው ሁሉ ቆሟል። እማዬ ቦርሳዋን በሁለት እጇ አቅፋ ቆማለች፣ አፏ ይንቀሳቀሳል። አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ ነው። አምስተኛ ወጣሁ፤ ከድሮ ሰዓቴ ጋር ሲነጻጸር መጥፎ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ነው ያላስቻለኝ። መኪናዋ ጋር ስሸኛት፣ «አባዬ ቆቡን ካነሳልኝ በኋላ ምን ያደርግ ነበር? መልሶ ያጠልቀዋል ወይስ ይዞት ይቆማል? ስመለስ ስለማላየው ነው» አልኳት።

መስታወቱ ላይ ያለውን በረዶ መፋቅ አቆመች። «አታውቂም እንዴ? ይወጣ ነበር እኮ» አለችኝ። «ቆቡን አንስቶ ማየትሽን ካረጋገጠ በኋላ ኮሪደሩ ላይ ይወጣል። መጨረሻውን ማየት አይሆንለትም። ሰው ሲጮህ ሰምቶ ነው የሚመለሰው። አንድም ቀን ስትጨርሺ አይቶሽ አያውቅም፤ ስትወጪ ግን ፎጣ ይዞ የሚቀበልሽ እሱ ነው።»

ከትናንት ጀምሮ ተቀምጬ መቆየት አልቻልኩም። ሦስት ጊዜ በረዶው ላይ ወጥቼ ተመልሻለሁ። አንዴ ያስቀኛል፣ አንዴ እልህ ይይዘኛል። ፎጣህን አስታውሳለሁ፤ ሁሌም ከማሞቂያው ላይ ያነሳኸው ይመስል ሙቅ ነበር። ለካ ኮሪደሩ ላይ እውነትም ማሞቂያ አለ፤ ዛሬ ሄጄ አየሁት።

ተናድጄብሃለሁ። ናፍቀኸኛልም። ሁለቱ አብረው ሲሄዱ እንዴት እንደሚያደክሙ ከሠላሳ ሦስት ምልልስ ጋር አወዳድሬ ልነግርህ እችል ነበር፣ ግን ይሄንንም ታውቀዋለህ ብዬ አስባለሁ።

ሻምፒዮናው ፌብሩዋሪ 17 ነው፣ ቅዳሜ፤ እኔም ማርጎም ረጅሙን እንዋኛለን። በዚያ ገንዳ ተመልካቹ በየትኛው ጎን እንደሚቀመጥ አላውቅም። ከእንግዲህ ግድ የለኝም፣ በሁለቱም በኩል ነው የምተነፍሰው። ና ብዬ አልለምንህም፤ መንገዱ ሩቅ እንደሆነ፣ የዓሣው ሥራም በዚያ ወር እንደማይለቅ አውቃለሁ። እዚያ ያለው ብርድ ለእጅህ ይራራለት፤ ጓንትህን አትርሳ፤ የሚያበስልልህ ሰው ከሌለ እንኳ ትኩስ ነገር አፍህ አይጣ።

ከመጣህ ግን፣ ቆብህን ካነሳህ በኋላ አትውጣ። ግድግዳውን እስክነካ ድረስ እዚያው ቁም። ፎጣው ቀዝቃዛ ቢሆን ይሻለኛል።

ልጅህ፣
ዳክዬ